«ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው»፦ ስለ ጭንቅላት አደጋ ለአንዲት እህት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ምግብና ዕቃ ያደርሳል። ባለፈው ወር የሥራ ጓደኛው ቀስ ብሎ እየነዳ ተንሸራቶ ወደቀ። ሄልሜቱ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ተነሳ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ‹ደህና ነኝ› ብሎ ሁለት ትዕዛዝ አደረሰ። ማታ ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ። ጠዋት አልነቃም። ባለቤቴ ‹ቀኑ ደርሶ ነው፤ ሄልሜት ቢያደርግም አይቀርለትም ነበር› ይላል። እውነት ነው? ይሄ ነገር ምን ያህል ሰው ላይ ይደርሳል? እኔስ ምን ላድርግ? የ3 ዓመት ልጅ አለን። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለጓደኛችሁ ቤተሰብ ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጣቸው። እኔ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ከቤተሰብ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሲጀምሩ የሚሉት ሁሌም አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ ብሎን ነበር እኮ»።

ባለቤትሽ ላለው ነገር ቀድሜ ልመልስ። የሞትን ቀን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። እዚያ ላይ አልከራከረውም። የራስ ቅል ምን ዓይነት ምት ሲያርፍበት እንደሚሰነጠቅ ግን እናውቃለን። ያንን ምት ምን እንደሚያበርደውም እናውቃለን። ሄልሜቱ መሪው ላይ ሳይሆን ራሱ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ በሕይወት የመኖር ዕድሉ በጣም ሰፊ ነበር።

አስከሬኑን ስላልመረመርኩ ስለ እሱ ቁርጡን አልናገርም። የጻፍሽው ግን በደንብ ከምናውቀው አንድ ጉዳት ጋር ይገጥማል። ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው አጥንት ስስ ነው። ከሥሩ የደም ቧንቧ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ይቀደዳል። ደሙ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መካከል መጠራቀም ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስለሆነ ሰውየው ይነሳል፣ ያወራል፣ ሥራውን ይቀጥላል። የራስ ቅል ግን እንደ ሆድ አይለጠጥም። ደሙ ቦታ በፈለገ ቁጥር የሚገፋው አንጎልን ነው። ከሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ይብሳል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ቤተሰብ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ይላል። በመጨረሻ ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ይጨፈለቃል።

የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ከምንሠራቸው ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ ውጤቱ ከሚያምረው አንዱ ይሄኛው ነው። ሰውየው ራሱን ሳይስት ከደረሰልን፣ ሲቲ ስካን ተነስቶ ደሙ ከወጣለት፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ጉዳት፣ አንድ ቀዶ ሕክምና፤ ልዩነቱ የሰዓታት ብቻ ነው።

«ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው» ስትይ ግን ቆም አልኩ። ይሄ ብዙ ሰው ያታልላል። ሞተሩ ቆሞ እንኳ ቢሆን፣ ላዩ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ጎን ሲወድቅ ጭንቅላቱ የሚወርደው ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍታ ነው። መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ፍጥነት አስፋልት ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ መምታት የራስ ቅል ሊሰነጥቅ ይችላል። ኮንዶሚኒየም ስለምትኖሩ በእሱ ላስረዳሽ። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከግንብ ጋር መጋጨት ከአንደኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። 50 ሲሆን ከእናንተ በረንዳ ከ3ኛ ፎቅ ነው። ከ3ኛ ፎቅ መውደቅን ማንም ቀላል አድርጎ አያየውም። በ50 መንዳትን ግን ሁላችንም ቀላል አድርገን እናየዋለን።

እዚህ ላይ ከሙያችን አንድ እውነት ልንገርሽ። የአንጎል ጉዳት ሁለት ጊዜ ይደርሳል። የመጀመሪያው በምቱ ቅጽበት የሚሆነው ነው። የተበጠሰ የነርቭ ጭራ በዚያች ቅጽበት ተበጠሰ። የተበጠሰውን መልሶ የሚያገናኝ መድኃኒት የለንም፤ እኔም በመቀስና በመርፌ አልመልሰውም። ለአሥርተ ዓመታት ሐኪሞች የአንጎሉን እብጠት ይቀንስልናል ብለው የኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት ይሰጡ ነበር። ከ10,000 በላይ ሰዎች ላይ በደንብ ሲጠና፣ በአውሮፓውያኑ 2004 የወጣው ውጤት መድኃኒቱ ሞትን እንደሚጨምር አሳየ። ሁለተኛው ጉዳት ከምቱ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት የሚመጣው ነው፦ ደም መጠራቀም፣ እብጠት፣ የኦክስጅን እጥረት፣ የደም ግፊት መውረድ። የእኛ ሕክምና በሙሉ የሚታገለው ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው። ለመጀመሪያው ያለው መድኃኒት እንዳይደርስ ማድረግ ብቻ ነው።

ይህን ከእኔ በፊት የተረዳ፣ አውስትራሊያ ተወልዶ እንግሊዝ ውስጥ ይሠራ የነበረ የሙያ ባልደረባ ነበር፤ ሂዩ ኬርንስ ይባላል። በአውሮፓውያኑ 1935 ዝነኛው የእንግሊዝ የጦር መኮንን ቲ. ኢ. ሎውረንስ በሞተር ሲነዳ ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም። ሊያክሙት ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ኬርንስ ነበር። ሰውየው ራሱን እንደሳተ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ኬርንስ ከዚያ በኋላ በሞተረኞች የጭንቅላት ጉዳት ላይ ምርምር ጀመረ። በ1941 ጽሑፉን አወጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክት የሚያመላልሱ ሞተረኞቹን ሄልሜት እንዲያደርጉ አስገደደ። ያ ሰው በቢላው ካዳነው በላይ በብዕሩ ያዳነው ሰው የሚበልጥ ይመስለኛል። በእንግሊዝ ሕጉ ለሁሉም ሞተረኛ ግዴታ የሆነው ግን በ1973 ነው። እሱ ያንን ሳያይ አርፏል።

ምን ያህል ሰው ላይ ይደርሳል ላልሽው፣ በአውሮፓውያኑ 2018 የወጣ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 69 ሚሊዮን ያህል ሰው በአደጋ የአንጎል ጉዳት እንደሚደርስበት ይናገራል። አብዛኛው ቀላል የሚባለው ነው። የመንገድ አደጋ ብቻውን በ2021 ዓ.ም. በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 1.19 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ለሆኑት ከወባም ከኤችአይቪም ቀድሞ አንደኛ ገዳይ እሱ ነው። ከ10 ሟቾች ዘጠኙ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው የሚሞቱት። ከዓለም መኪና በእነዚህ አገሮች ያለው ግን 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

በሀብታም አገሮች መልኩ ተቀይሯል። እዚያ አሁን ዋናው ምክንያት ሽማግሌና አሮጊት ቤት ውስጥ መውደቃቸው ነው። እኛ ጋ ተጎጂው በአብዛኛው ወጣት ወንድ ነው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ እንደ ባለቤትሽ ያለ። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ደግሞ እግረኞች ናቸው። ባለቤትሽ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ዜብራ ላይ ለሚያቋርጠው ሰውም ፍጥነት መቀነስ አለበት።

እኛ አገር ስለ ጭንቅላት ጉዳት ተወርቶ ዱላ ሳይነሳ መቅረት የለበትም። ሰው ሁሉ የሚያስበው መኪና ነው። ነገር ግን እኛ ከፍተን ከምናክማቸው ብዙዎቹ በጠብ የተመቱ ናቸው፦ በዱላ፣ በድንጋይ፣ በፍልጥ። የመሬት ድንበር፣ የውሃ ተራ፣ የመጠጥ ቤት ክርክር። ዱላው ያረፈበት ቦታ ላይ አጥንቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስብርባሪው አንጎል ላይ ይቀራል። ከሩቅ ገጠር ቁስሉ በጨርቅ ታስሮ ከቀናት በኋላ የሚመጣ አለ። ያን ጊዜ ኢንፌክሽኑ ቀድሞናል። ሽማግሌዎች ጠብ ሳይከር የሚያስታርቁበት ቀበሌ ለእኔ የአንጎል ጉዳት መከላከያ ጣቢያ ነው። ከልቤ ነው የምለው።

አሁን ወደ ሄልሜት። ሄልሜት ሕይወት ያድናል ወይ የሚለው ዛሬ የሚያከራክር አይደለም። 61 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማ ሄልሜት በሞተረኛ ላይ የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። መቶ በመቶ አይደለም። በትልቅ ፍጥነት ሲኖትራክ ጋር የተጋጨን ሰው ላያድነው ይችላል። ቀስ ብሎ ሲነዳ ተንሸራቶ የወደቀን ሰው ግን፣ ሄልሜት የተሠራው በትክክል ለእሱ ነው።

ባለቤትሽ «ይሞቃል» ይል ይሆናል። ብዙዎቹ የሚሉት ይሄንን ነው። ቬትናምም ይሞቃል፤ ከአዲስ አበባ እጅግ ይሞቃል፤ አገሩም የሞተር አገር ነው። በዲሴምበር 15 ቀን 2007 ሄልሜት ለሁሉም ሞተረኛና ለሁሉም ተሳፋሪ ግዴታ ሆነ፤ ቅጣቱም በቁም ነገር ተጀመረ። ከዚያ በፊት ከግማሽ በታች የነበረው አድራጊ በሳምንታት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ሆነ። በቀጣዮቹ ወራት ሆስፒታል በደረሱ ተጎጂዎች ላይ የጭንቅላት ጉዳት በ16 በመቶ፣ ሞት በ18 በመቶ ቀነሰ። እኛም ጋ ሕጉ አለ። የጎደለን የዕለት ተዕለት ቁጥጥሩ ነው።

ሄልሜት እንዴት እንደሚሠራ ካወቅሽ ስትገዙ አትሸወዱም። የላዩ ጠንካራ ሽፋን ዋናው አይደለም። ዋናው ከውስጥ ያለው ጠጣር ነጭ ፎም ነው። ምት ሲያርፍበት ይጨፈለቃል፤ እየተጨፈለቀም ጭንቅላቱ በድንገት ከመቆም ይልቅ በትንሹ ቀስ ብሎ እንዲቆም ያደርጋል። ያቺ የሰከንድ ሽራፊ ናት አጥንቱን የምታድነው። ስለዚህ ፎም የሌለው፣ ስፖንጅ ብቻ ያለው ሄልሜት ኮፍያ ነው። የሕንፃ ሠራተኛ ቆብም ለሞተር አይሆንም፤ የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ ነው። አንዴ በደንብ የተመታ ሄልሜት ከላይ ምንም ባይታይበትም ፎሙ ሥራውን ጨርሷል፤ ይጣል። ሰልባጅ ሲገዛ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ እኔ አልመክርም።

ልኩን እንዲህ ፈትኑት። አድርጎት ጭንቅላቱን ሲያወዛውዝ ሄልሜቱ ብቻውን መዞር የለበትም። የአገጩ ማሰሪያ ታስሮ ሁለት ጣት ብቻ ነው ማስገባት ያለበት። ከዚያ አንቺ ከኋላ ሆነሽ የሄልሜቱን የኋላ ጠርዝ ይዘሽ ወደ ፊት ለማውለቅ ግፊው። ከወለቀ ልኩ አይደለም። ያልታሰረ ሄልሜት በመጀመሪያው ምት በርሮ ይሄዳል፤ ጭንቅላቱ ለሁለተኛው ምት ባዶውን ይቀራል። መንገድ ላይ የማየው ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ሄልሜቱ አለ፤ ማሰሪያው ግን ተንጠልጥሏል። ሌላው ስልክ ነው። በሄልሜቱና በጉንጩ መሃል ስልክ ሰክቶ የሚነዳ ሞተረኛ አይተሽ ይሆናል። ባለቤትሽ ይህን የሚያደርግ ከሆነ ለምኚው።

ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ልበል። ምግብ አዝዘን «የት ደረስክ?» እያልን ሦስት ጊዜ የምንደውለው እኛ ነን። ልጁ በጉዞ ብዛት ነው የሚከፈለው። ደንበኛ ሲያጣድፈው መብራት ይጥሳል። አሥር ደቂቃ ብንታገስ ምንም አንሆንም።

አሁን ዋናው ነገር፤ ይህን ባለቤትሽም ጓደኞቹም ያንብቡት። ሰው ጭንቅላቱን ተመትቶ ለአፍታም ቢሆን ራሱን ከሳተ፣ የሆነውን ካላስታወሰ ወይም ግራ ከተጋባ፣ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው። ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ፦ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር እንቅልፍ፣ የተምታታ ንግግር፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መድከም፣ መንቀጥቀጥ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ደም ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ መውጣት።

«እንዳይተኛ» የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል። እንቅልፉ ራሱ አይደለም የሚገድለው። ሐኪም አይቶ ደህና ነህ ብሎ የላከው ሰው መተኛት ይችላል። ግን ለ24 ሰዓት ብቻውን አይደር። ሌሊት ቀስቅሱት፤ ስሙን፣ የት እንዳለ ጠይቁት። በደንብ ከመለሰ ይተኛ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ዲክሎፌናክ መርፌ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን መድማትን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ሐኪም ሳያይ አይውሰድ። መጠጥም አይቅመስ።

ስለ መጠጥ አንድ የማልረሳው ሰው አለኝ። የቀን ሠራተኛ ነበር። ጠጥቶ ደረጃ ላይ ወደቀ። የመጠጥ ሽታ ስለነበረው አብረውት የነበሩት «ሰክሮ ነው፣ ሲነጋ ይሻለዋል» ብለው ጥግ አስተኙት። አንድ ጤና ተቋምም ደርሶ በዚያው ምክንያት ተመልሶ ነበር። እኛ ጋ ሲመጣ አንዱ ብሌኑ ሰፍቷል። ከፈትነው። ተረፈ፤ ግን ዛሬም ቀኝ እጁ አይሠራም። ሽታ ያለው ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ፣ መጀመሪያ እንደ ጭንቅላት ጉዳት ይታይ። ስካሩ የትም አይሄድም።

አደጋው ቦታ ላይ ሆናችሁ የወደቀውን ሰው እጅና እግር ይዛችሁ ላዳ ውስጥ አትወርውሩት። አንገቱም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድ መስመር ይዛችሁ ለብዙ ሆናችሁ አንሱት። ካስመለሰው እንዳይታነቅ መላ አካሉን አንድ ላይ ወደ ጎን አዙሩት። ፊቱ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ምንም አታጠጡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ደግሞ 939 ነው። ሁለቱንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ጠበል የሚወስድ ቤተሰብ አለ፤ እምነቱን አከብራለሁ። ግን መጀመሪያ ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ይምጣ።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወርቅ የሆኑበት ሌላም ምክንያት አለ። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ርካሽ መድኃኒት በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ባለባቸው ላይ ሞትን እንደሚቀንስ በአውሮፓውያኑ 2019 የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ሐኪሞችም አሁን ከበፊቱ እንሻላለን። በአውሮፓውያኑ 2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠና አገር ውስጥ ተጀመረ። ያ ባይጀመር ኖሮ ብዙ ሰው ተራ እየጠበቀ ይሞት ነበር። ግን ምንም ያህል ብንበዛ ማታ ተኝቶ ያልነቃውን ሰው አንደርስለትም።

እናት ወይም አባት ያላችሁም አንብቡ፤ አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን። አንድ አዛውንት ሻወር ቤት ተንሸራተው ወይም ምንጣፍ አደናቅፏቸው ይወድቃሉ። ምንም አይሉም። ከሦስት፣ ከአራት ሳምንት በኋላ መርሳት ይጀምራሉ፤ አንድ እግራቸው ይጎተታል። ልጆች «እርጅና ነው» ይላሉ። አንዳንዴ ግን በአንጎላቸው ላይ ቀስ እያለ የተጠራቀመ ደም ሊሆን ይችላል። በተለይ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ። በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል፤ ብዙዎቹም ወደ ድሮው ይመለሳሉ።

የልጅሽን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ረስቼው አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። ጎንበስ ሲል ጭንቅላቱ ይቀድማል። ኒው ዮርክ ውስጥ በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ ልጆች ከመስኮት እየወደቁ ሲያስቸግር፣ ብሮንክስ ሰፈር ላይ ለቤተሰብ የመስኮት መከላከያ ብረት ማደል ተጀመረ። ሪፖርት የተደረገው አወዳደቅ በግማሽ ቀነሰ። በ1976 ከተማዋ ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ላለበት አፓርታማ ሁሉ ብረቱን ግዴታ አደረገች። የእናንተ በረንዳ ብረት መሃል ለመሃሉ ከ10 ሳንቲ ሜትር የሰፋ ከሆነ በሽቦ መረብ ይሸፈን። ለመረቡ ገንዘብ ዛሬ ባይኖር እንኳ ነጻ የሆነ ሥራ አለ። ውሃ ስለሚጠፋ በረንዳ ላይ ጀሪካን ደርድራችሁ ይሆናል፤ እኛም ቤት እንደዚያው ነው። ልጅ ጀሪካን ላይ ወጣ ማለት የበረንዳው ብረት ወገቡ ጋ ደረሰ ማለት ነው። ዛሬ ማታ ልጁ ሲተኛ ጀሪካኖቹን ወደ ውስጥ አስገቡ። ያኔ ባለቤትሽም ቤት ይሆናል፤ የሄልሜቱን ማሰሪያ አብራችሁ እዩት።